ከባንዲራ እስከ ራዳር፦ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት ሙያ ታሪክ

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ መሣሪያው ድምፁ ነው። የትኛው አውሮፕላን ቀድሞ እንደሚነሣ፣ የትኛው በምን ከፍታ እንደሚበር፣ የትኛው ተራው እስኪደርስ እየዞረ እንደሚጠብቅ የሚወስነው በሬዲዮ እየተነጋገረ ነው። አብዛኞቹ ተቆጣጣሪዎች የሚመሩትን አውሮፕላን በዓይናቸው አያዩትም። ሥራው በሦስት ይከፈላል። የማማው ባልደረቦች መነሣትንና ማረፍን ይመራሉ፤ የአቀራረብ ክፍሉ በማረፊያው ዙሪያ ያለውን ሰማይ ይይዛል፤ ረጅሙን የመንገድ ላይ በረራ የሚከታተለው ደግሞ የክልል ማዕከሉ ነው። አውሮፕላኑ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተላለፈ ካሰበበት ይደርሳል። የዚህ ቅብብሎሽ ዕድሜ ከመቶ ዓመት ብዙም አይዘልም፤ ደንቦቹም በብዛት የተጻፉት በአደጋ ማግስት ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሮይደንና የመጀመሪያው ግጭት

በ1920 ለንደን አጠገብ በሚገኘው የክሮይደን አውሮፕላን ማረፊያ ቁመቱ 5 ሜትር የማይሞላ፣ በአራቱም ጎን መስኮት ያለው ማማ ተሠራ። ከዚያ የሚወጣው ድምፅ አብራሪዎችን የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም፤ የአየሩን ጠባይ፣ ያሉበትን ቦታና በአካባቢው ያሉትን ሌሎች አውሮፕላኖች ይነግራቸው ነበር እንጂ። የዚያ ዘመን አብራሪ መንገዱን የሚያገኘው ወደ ታች እያየ ነው፤ የባቡር ሐዲድ፣ ወንዝ ወይም አውራ ጎዳና ተከትሎ ይበራል። ደመናው ዝቅ ካለም እሱም አብሮ ዝቅ ይላል።

ሚያዝያ 7 ቀን 1922 በሰሜን ፈረንሳይ በፒካርዲ ሰማይ ላይ የሆነው ከዚህ ልማድ የመጣ ነው። አንዱ ከለንደን ወደ ፓሪስ ፖስታ የጫነ የብሪታኒያ አውሮፕላን ነበር፤ ሌላው ከፓሪስ ወደ ለንደን ሦስት መንገደኞች ያሳፈረ የፈረንሳይ ፋርማን ጎልያድ። ቀኑ ጭጋጋማ ስለነበር ሁለቱም አንዱን ጎዳና ተከትለው፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው ሲመጣ፣ ዝቅ ብለው ይበሩ ነበርና ፊት ለፊት ተላተሙ። በሁለቱ ውስጥ የነበሩት 7 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። የመንገደኞች አውሮፕላኖች በአየር ላይ ሲጋጩ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የአየር መንገዶቹ ተወካዮች ክሮይደን ላይ ተሰብስበው አብራሪዎች ቀኛቸውን ይዘው እንዲበሩ ተስማሙ። የሰማይ ደንብ የጀመረው ጋሪ ነጂ ሁሉ በሚያውቀው በዚህ የመንገድ ሕግ ነው።

በዚያው ዓመት ጂሚ ጄፍስ የተባለ የክሮይደን ባልደረባ በሙያው የመጀመሪያ የሆነውን የተቆጣጣሪነት ፈቃድ ተቀበለ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው የጭንቅ ጥሪ «ሜይዴይ» የወጣውም ከዚሁ ማረፊያ ነው። የሬዲዮ ኃላፊው ፍሬድሪክ ሞክፎርድ ማንም ሊሰማውና ሊለየው የሚችል ቃል እንዲያገኝ ተጠየቀ። የክሮይደን በረራ በአብዛኛው ከፓሪስ ጋር ነበርና «እርዱኝ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አነጋገር ወሰደው።

ባንዲራው፣ ካርታውና የናስ ምልክቶቹ

በአሜሪካ ሙያው የተጀመረው በእግር ቆሞ ነው። በ1929 የሴንት ሉዊስ ከተማ አርቺ ሊግ የተባለ ወጣት አብራሪ ቀጠረ። ሊግ በየማለዳው ተጣጣፊ ወንበር፣ ጃንጥላ፣ ምሳውን፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ማስታወሻ ደብተርና ሁለት ባንዲራ በእጅ ጋሪ ጭኖ ወደ ማኮብኮቢያው ጫፍ ይወርዳል። ዳማ መሳዩ ባንዲራ «ሂድ» ማለት ነው፤ ቀዩ «ቁም»። በበጋ ከጃንጥላው ሥር ይቀመጣል፤ በክረምት ወፍራም የበረራ ልብስ ደርቦ ይቆማል። የባንዲራው ጉድለት ግልጽ ነበር፤ በቀን ብርሃን ብቻ የሚሠራ፣ አብራሪው ካላየው ዋጋ የሌለው ትእዛዝ ነው። በ1930 ክሊቭላንድ ሬዲዮ ያለው ማማ ስትሠራ ባንዲራ መሸሽ ጀመረ።

ማማው የሚያዘው ግን ዓይኑ እስከሚደርስበት ብቻ ነበር። በከተሞች መካከል ያለው ሰማይ ባለቤት አልነበረውም። ታኅሣሥ 1 ቀን 1935 አራት የአሜሪካ አየር መንገዶች ተባብረው በኒው ጀርሲ ኒውአርክ የመጀመሪያውን የመንገድ ላይ መቆጣጠሪያ ጣቢያ ከፈቱ፤ በሐምሌ 1936 መንግሥት ተረከበው። ክፍሉ ውስጥ ራዳር የሚባል ነገር የለም። ያለው ሰፊ ጠረጴዛ፣ በላዩ የተዘረጋ ካርታና ጥቁር ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ አውሮፕላን በካርታው ላይ በአንዲት ትንሽ የናስ ምልክት ይወከላል፤ ምልክቷ የበረራውን ቁጥርና ከፍታ የያዘች ቁራጭ ወረቀት ነክሳለች። ተቆጣጣሪው አብራሪውን በቀጥታ አያነጋግርም። የአየር መንገዱ ሠራተኛ አብራሪው ያለበትን ቦታ በሬዲዮ ሰምቶ በስልክ ያስተላልፋል፤ ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አስልቶ ምልክቷን በእጁ ገፋ ያደርጋታል። በሁለት ጥሪዎች መካከል አውሮፕላኑ የት እንዳለ የሚያውቀው በግምት ነበር።

ከዚህ የተወለደ አንድ የአእምሮ ልማድ ራዳር ከመጣም በኋላ አልጠፋም። ጥሩ ተቆጣጣሪ የሰማዩን ሁኔታ በአእምሮው ሥሎ ይይዛል፤ ማን ማንን እንደሚከተል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የትኞቹ ሁለት መስመሮች እንደሚገናኙ አስቀድሞ ያያል። የሙያው ሰዎች ይህንኑ «ሥዕሉ» ይሉታል። ሥዕሉ የጠፋበት ተቆጣጣሪ በራዳሩ መስኮት ላይ ነጥቦቹን እያየም መምራት አይችልም። የሙያው ትልቁ ፍርሃት ይኸው ነው።

የበርሊን ሦስት ደቂቃ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ራዳርን አመጣ፤ ብዛት ያለውን በረራ በራዳር መምራት የተፈተነው ግን ከጦርነቱ በኋላ በርሊን ላይ ነው። በ1948 ሶቪየት ኅብረት የምዕራብ በርሊንን የየብስ መንገድ ስትዘጋ ምግብና የድንጋይ ከሰል በአየር መግባት ጀመረ። ነሐሴ 13 ቀን 1948 ደመናው ዝቅ ብሎ ዝናብ ሲጥል አንድ የጭነት አውሮፕላን በበርሊኑ የቴምፕልሆፍ ማረፊያ ማኮብኮቢያ ጫፍ ወድቆ ተቃጠለ፤ የተከተለው ጎማው ፈነዳ፤ ሦስተኛው ገና እየተሠራ በነበረ ማኮብኮቢያ ላይ አርፎ ሚዛኑን ስቶ ዞረ። ከላይ አውሮፕላኖች በየከፍታው ተደራርበው ይዞራሉ፤ ሬዲዮው በጥሪ ተጨናንቋል። ከሚዞሩት በአንዱ ውስጥ የዘመቻው አዛዥ ጄኔራል ዊልያም ተነር ነበር። ተነር በላይ ያሉት ሁሉ ወደ መጡበት እንዲመለሱ አዘዘ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራው እንደ ሰዓት ሆነ። አውሮፕላኖቹ ሦስት ደቂቃ እየተራራቁ፣ በተወሰነ ፍጥነትና ከፍታ ይበራሉ። ማረፊያውን የሳተ ሁለተኛ ሙከራ የለውም፤ ከነጭነቱ ይመለሳል። እየዞሩ መጠበቅ ቀረ። በሚያዝያ 1949 በአንድ ቀን 1,398 በረራ ተስተናገደ። ትምህርቱም ሰላማዊውን በረራ ጠቅሟል፤ ተቆጣጣሪው ላይ የሚወርደውን ጫና የሚቀንሰው የእጁ ፍጥነት ሳይሆን ቀድሞ የተዘረጋ ሥርዓት መሆኑ ታየ።

ግራንድ ካንየን

ሰኔ 30 ቀን 1956 ሁለት የመንገደኞች አውሮፕላኖች በሦስት ደቂቃ ልዩነት ከሎስ አንጀለስ ተነሡ። ከረፋዱ 4፡30 ገደማ ከግራንድ ካንየን በላይ በ21,000 ጫማ ተጋጭተው 128 ሰው ሞተ። ሁለቱ በአንድ ከፍታ ወደ አንድ መስመር እየሄዱ እንደነበር የሚያሳይ መረጃ መሬት ላይ ነበር። ሆኖም ቦታው ከቁጥጥር ክልል ውጪ ስለነበር ተቆጣጣሪው እንዲያስጠነቅቅ ደንቡ አያስገድደውም ነበር። አብራሪዎቹ «አይቶ የመሸሽ» ኃላፊነት ተሰጥቷቸዋል፤ ደመናና ፍጥነት ግን ለዓይን ጊዜ አልሰጡም። የሕዝቡ ቁጣ ኮንግረስ ደረሰ፤ በ1958 ኤፍ ኤ ኤ የተባለውን የፌዴራል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት የሚያቋቁም ሕግ ወጣ። ራዳር በስፋት ተዘረጋ፤ ከፍ ያለው ሰማይም በቁጥጥር ሥር ገባ።

የቃል ክብደት

ራዳር የዓይንን ችግር ሲያቃልል የጆሮ ችግር ገሐድ ወጣ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ1956 «አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ» እያለ የሚሄደውን የፊደል መጥሪያ በሥራ ላይ አዋለ፤ እንግሊዝኛም የበረራ የጋራ ቋንቋ ሆነ። ዛሬ ቦሌ ላይ ተቆጣጣሪውም አብራሪውም አማርኛ አፋቸውን የፈቱበት ሆኖ ሳለ በሬዲዮ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው። ምክንያቱም በዚያው ሞገድ ላይ የሚያዳምጥ ሦስተኛ ሰው አለ፤ የጎረቤቱ አውሮፕላን ምን እንደታዘዘ ማወቅ ለእሱም ሕይወት ነው።

የአንድ ቃል ዋጋ የታየው መጋቢት 27 ቀን 1977 በስፔኗ ተነሪፍ ደሴት ነው። በአጎራባቹ ደሴት ማረፊያ ቦምብ በመፈንዳቱ ወደ ትንሹ የሎስ ሮዴዮስ ማረፊያ የተላኩ አውሮፕላኖች ወደ ማኮብኮቢያው የሚወስደውን መንገድ ሞልተውታል። ጭጋግ ወርዷል፤ የመሬት ራዳር የለም። የሆላንዱ አየር መንገድ የኬ ኤል ኤም ረዳት አብራሪ «አሁን በመነሣት ላይ ነን» ሲል ተቆጣጣሪው ለመነሣት ተዘጋጅተው ቆመዋል ብሎ ተረዳና «እሺ» አለ። ቀጥሎ «እስክጠራችሁ ጠብቁ» ሲል፣ በዚያችው ቅጽበት የአሜሪካው የፓን ኤም አውሮፕላን «ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን» ብሎ ተናገረ። ሁለቱ ድምፆች ተደራርበው በኬ ኤል ኤም ጆሮ ፉጨት ብቻ ሆኑ። ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ፤ በአቪዬሽን ታሪክ ከዚህ የከፋ የአደጋ ሞት አልተመዘገበም። ከዚያ ወዲህ «መነሣት» የሚለው ቃል የሚነገረው ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ንግግር ሁሉ በሌላ ቃል ይተካል። «እሺ» ማለትም በቂ መሆኑ ቀረ፤ አብራሪው የታዘዘውን ቃል በቃል መልሶ ይናገራል።

ዛግሬብ፦ በዳኛ ፊት የቆመ ተቆጣጣሪ

ከተነሪፍ ስድስት ወር በፊት፣ መስከረም 10 ቀን 1976፣ ሙያው ሌላ ጥያቄ ገጥሞታል። በዚያ ጊዜ በዩጎዝላቪያ የነበረው የዛግሬብ ማዕከል ምዕራብ አውሮፓን ከቱርክና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚያገናኘው መንገድ መገናኛ ነበር። በረራው በዝቶ የሰው ኃይሉ አንሶ ነበር። የማዕከሉ ሥራ በከፍታ ይከፋፈላል፤ የላይኛውን ክፍል የያዘው ወጣት ተቆጣጣሪ ረፋዱ ላይ ብቻውን ነበር። ተረኛው ዘግይቷል፤ ባልደረባው ሊፈልገው ወጥቷል።

ከለንደን ወደ ኢስታንቡል የሚሄድ የብሪትሽ ኤርዌይስ ትራይደንት በ33,000 ጫማ ይመጣል። ከስፕሊት ወደ ኮሎኝ የተነሣ ዲሲ-9 ደግሞ ከፍታ ጨምሮ ወደ 35,000 እንዲወጣ ከመካከለኛው ክፍል ተፈቅዶለታል። ርክክቡ በወጉ አልተደረገም። ዲሲ-9 ለላይኛው ክፍል ራሱን ሲያስተዋውቅ 32,500 ጫማን አልፎ እየወጣ ነበር። ተቆጣጣሪው በድንጋጤ እንግሊዝኛውን ትቶ በገዛ ቋንቋው ባለህበት ከፍታ ቁም አለው፤ የብሪታኒያዎቹ አብራሪዎች ሊረዱት አይችሉም። ዲሲ-9 ታዞ ቀጥ ሲል የቆመው በትክክል 33,000 ጫማ ላይ ነው። ከረፋዱ 5፡15 ገደማ ሁለቱ ተጋጭተው 176 ሰው ሞተ። ቀጥ በል ባይባል ኖሮ ሽቅብ እንደሄደ ሊያልፍ ይችል ነበር።

ከተከሰሱት መካከል ጥፋተኛ የተባለው ይህ ወጣት ተቆጣጣሪ ብቻ ነው፤ 7 ዓመት ተፈረደበት። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ተቆጣጣሪዎች በሰው እጥረት የተፈጠረ ችግር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተጭኗል ብለው አቤቱታ አሰባሰቡ፤ ከሁለት ዓመት በላይ ታስሮ ተፈታ። በ1979 የብሪታኒያ ቴሌቪዥን ታሪኩን «ኮሊዥን ኮርስ» በሚል ድራማ አቀረበው።

በዚያው በ1976 አሜሪካ ተቃራኒ መንገድ ጀመረች። በ1974 ዋሽንግተን አቅራቢያ አንድ አውሮፕላን በተቆጣጣሪና በአብራሪ የአረዳድ ልዩነት ከተራራ ተጋጭቶ 92 ሰው ሞቶ ነበር። ከዚህ በኋላ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ስሕተታቸውንና ለጥቂት ያመለጡትን አደጋ በምሥጢር የሚያሳውቁበት ሥርዓት በጠፈር ድርጅቱ በናሳ ሥር ተቋቋመ። የሚቀጣ ሰው ይደብቃል፤ የተደበቀ ስሕተትም ይደገማል የሚል እምነት የወለደው ነው።

የ1981 አድማ

የሥራው ክብደት የፖለቲካ ጉዳይ የሆነው ነሐሴ 3 ቀን 1981 ነው። ፓትኮ የተባለው የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር የደመወዝ ጭማሪ፣ አጭር የሥራ ሳምንትና ቀደም ያለ ጡረታ ጠይቆ ወደ 13,000 የሚጠጉ አባላቱን አድማ አስመታ። የመንግሥት ሠራተኛ አድማ መምታት በሕግ የተከለከለ ነበር። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተመለሳችሁ ከሥራ ወጥታችኋል አሉ፤ ነሐሴ 5 ቀን 11,345 ሰዎች ተባረሩ። ይኸው ማኅበር በምርጫው ዘመን ሬገንን ደግፎ ነበር። ወንበሮቹን አለቆችና ወታደራዊ ተቆጣጣሪዎች ያዙ፤ በረራ ተቀነሰ። የተባረሩት ተመልሰው እንዳይቀጠሩ የተጣለው እገዳ የተነሣው በ1993 ነው። የሰለጠነ ተቆጣጣሪ በጥቂት ወራት አይተካምና ጉድለቱ ለዓመታት ተሰማ።

ሙያው በፊልም

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲኒማ ወደ ራዳሩ ክፍል ገባ። በ1998 የወጣው «ግራውንድ ኮንትሮል» ኪፈር ሰዘርላንድ የሚተውንበት የልብ ሰቀላ ፊልም ነው። ሲመራው የነበረ አውሮፕላን የወደቀበት ተቆጣጣሪ ሥራውን ይተዋል፤ ከዓመታት በኋላ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በማዕበልና በሚበላሽ መሣሪያ መካከል እንዲረዳ ወደ ፊኒክስ ይጠራል። የሚበላሸው መሣሪያ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አልነበረም፤ የዚያ ዘመን የአሜሪካ ማዕከላት በቫኪዩም ቲዩብ የሚሠሩ አሮጌ ዕቃዎች ነበሯቸው፤ ትልቁ የማደሻ ፕሮጀክትም በ1994 ተሰርዟል። በ1999 ደግሞ በማይክ ኒውል የተዘጋጀው «ፑሺንግ ቲን» ወጣ። መነሻው ዳርሲ ፍሬይ በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ስለ ኒው ዮርክ የአቀራረብ ክፍል የጻፈው ሐተታ ነው፤ ይህ ክፍል የኬኔዲን፣ የላጓርዲያንና የኒውአርክን ትራፊክ በአንድ ላይ ይይዝ ነበር። ሁለቱም ፊልሞች ጫናውን በአንድ ሰው ነርቭ ያሳያሉ፤ ላብ፣ ፉክክር፣ የፈረሰ ትዳር።

በ2006 የወጣው የፖል ግሪንግራስ «ዩናይትድ 93» ሌላ መንገድ መረጠ። የአሸባሪዎች ጥቃት የደረሰበት መስከረም 11 ቀን 2001 ቤን ስላይኒ በኤፍ ኤ ኤ የዕዝ ማዕከል የብሔራዊ ሥራ ኃላፊነቱን የያዘበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። በዚያ ቀን በአሜሪካ ሰማይ ያለ አውሮፕላን ሁሉ በቅርብ ባገኘው ማረፊያ እንዲወርድ አዘዘ። 4,500 የሚያህሉ አውሮፕላኖች ያለ አንድ ግጭት ወረዱ። ከባሕር ማዶ ይመጡ ከነበሩት 38ቱ በካናዳ ጋንደር አረፉ፤ 10,000 ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ በአንድ ቀን ከ6,000 በላይ እንግዳ ተቀበለች። ስላይኒ በፊልሙ ራሱን ሆኖ ተውኗል። የዚያ ቀን ሥራ የአንድ ጀግና አልነበረም፤ ትእዛዙ አንድ ነው፣ አውሮፕላኖቹን አንድ በአንድ ያወረዱት ግን በየማዕከሉ የተቀመጡት ናቸው።

ዩበርሊንገን

ሐምሌ 1 ቀን 2002 ከሌሊቱ 5፡35 በደቡብ ጀርመን ዩበርሊንገን ከተማ በላይ አንድ የሩሲያ ቱፖሌቭና አንድ የዲኤችኤል ቦይንግ የጭነት አውሮፕላን ተጋጭተው 71 ሰው ሞተ፤ 52ቱ ለዕረፍት የሚሄዱ ሕፃናትና ታዳጊዎች ነበሩ። ሰማዩን የሚመራው የዙሪክ ማዕከል ነው። ሁለት ተረኛ ቢኖርም አንዱ ለዕረፍት ወጥቷል፤ በሌሊት እንዲህ ማድረግ የተለመደና በአለቆች የሚታወቅ ነበር። የቀረው ሁለት መቀመጫ እየተመላለሰ ይሠራል። በጥገና ምክንያት የራዳሩ ማስጠንቀቂያ በከፊል ጠፍቷል፤ ዋናው ስልክም አይሠራም። ተቆጣጣሪው የዘገየ ኤርባስን ለማሳረፍ ስልክ ሲሞክር ሁለቱ አውሮፕላኖች በ36,000 ጫማ ተቃረቡ። ለቱፖሌቭ ውረድ ባለበት ቅጽበት በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የግጭት መከላከያ መሣሪያ ውጣ አለ። ቱፖሌቭ ሰውየውን፣ ቦይንግ ውረድ ያለውን የራሱን መሣሪያ ሰማ፤ ሁለቱም ወረዱ።

በየካቲት 2004 ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በአደጋው ያጣ አባት ተቆጣጣሪውን ከቤቱ ደጃፍ ወግቶ ገደለው። በ2017 የወጣውና አርኖልድ ሽዋርዝኔገር የተወነበት «አፍተርማዝ» ከዚህ ታሪክ የተቀዳ ነው። ሕጉ ግን ከዛግሬብ ወዲህ ርቆ ሄዷል። በ2007 የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት የዙሪክን ማዕከል የሚያስተዳድረውን ድርጅት አራት ኃላፊዎች ጥፋተኛ አላቸው፤ ሦስቱ የገደብ እስራት፣ አንዱ የገንዘብ ቅጣት ተፈረደባቸው። መሣሪያውና ሰው ሲቃረኑ አብራሪው መሣሪያውን እንዲከተል የሚያዘው ደንብም ያለ ማወላወል ጠነከረ።

ከባንዲራው ዘመን ጀምሮ የተለወጠው መሣሪያ ብዙ ነው፤ ያልተለወጠው አንድ ነገር ቢኖር ሁለት ሰው የሚሠራውን ለአንድ ሰው መተው ነው። ዛግሬብም ዙሪክም በተቆጣጣሪው አጠገብ የነበረው ወንበር ባዶ ነበር። ጥር 29 ቀን 2025 ዋሽንግተን ውስጥ በፖቶማክ ወንዝ ላይ የመንገደኞች አውሮፕላንና ወታደራዊ ሄሊኮፕተር ተጋጭተው 67 ሰው ሲሞት የአውሮፕላኖቹንም የሄሊኮፕተሮቹንም ሬዲዮ የያዘው አንድ ተቆጣጣሪ ነበር።